የጋሽ ይርጋ ሞስና የእናቴ ወንፊት

መርካቶ ውስጥ የማይሸጥ ነገር የለም ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የለቀምኩትን ነገር እስከ ዛሬ «ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ነጋዴ የለም። ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ስገባ የቅመም ተራ ጎረቤቶቼ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ ሉባባ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ አንዷ ጠጋ አለችና «ግን ምን ነበር የምትሠሪው?» አለችኝ። በር ለበር ኖረን! ስቄ ልሞት ነበር። ቆይቶ ግን ከፋኝ፤ ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ከፋኝ። ይህን የምጽፈው መጀመሪያ ለእሷ ነው።

ሥራዬ ሞስ መሰብሰብ ነበር። ሞስ ማለት ክረምት ሲገባ ድንጋይ ላይ፣ የዛፍ ግንድ ላይ፣ ፀሐይ የማያገኘው አጥር ሥር የሚለብሰው ያ ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ነው። ሰው ሁሉ አንድ ይመስለዋል እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው። አገራችን ውስጥ የትኛው የት እንደሚበቅል ገና በቅጡ አልታወቀም፤ የምዕራቡን ደን ሞሱን ብሎ የዞረው ሰው ደግሞ ከጥቂትም ጥቂት ነው። ዛፉ ተቆጥሯል፣ ወፉ ተቆጥሯል፣ ጦጣው ሳይቀር ተቆጥሯል። ዛፉ የለበሰውን ማን ዞር ብሎ አይቶት!

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሥራ ስፈልግ የዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት አንድ መሥሪያ ቤት ረዳት ይፈልጋል ተባለ። የፈተኑኝ ጋሽ ይርጋ ናቸው። የጎጃም ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጭብጥ ደረቅ አረንጓዴ ነገርና አንድ ወረቀት አስቀመጡና «ይህን እንዳይፈስ አድርገሽ ጠቅልዪው» አሉኝ። ቅመም ተራ ላደገች ልጅ! አንገቱን አጥፌ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ሰክቼ ሰጠኋቸው። ገልብጠው አራገፉት፤ ቅንጣት አልወጣም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። «የዘሃራ፤ ቅመም ለቃሚ ናት፣ ከወሎ የመጣች» አልኳቸው። «በይ ሰኞ ነይ» አሉኝ። ፈተናው ይኸው ነበር።

ደመወዙን አታንሱት፤ ወሩን አጋምሶ የሚያልቅ ዓይነት ነበር፣ አበሉም የመጣ ቀን የመጣ ነው። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ማከማቻውን ሊጎበኙ ሲገቡ አንዱን እሽግ አንስተው «ይኼ ነገር ይበላል?» አሉ። «አይበላም» አሏቸው ጋሽ ይርጋ። «ይጠጣል?» «አዎ፣ ጌታዬ፣ ሲጠጡት ነው የኖሩት። የተራራውን ዝናብ ይዞ ቀስ እያለ ለምንጩ የሚሰጠው እሱ ነው።» ሰውየው እሽጉን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት።

ጋሽ ይርጋ ብዙ አይናገሩም፤ ሥራ ያስተማሩኝ አብሬያቸው ተንበርክኬ ነው። ዛፍ ሥር ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይንበረከካሉ። ገበሬዎቹ የሚጸልዩ እየመሰላቸው ራቅ ብለው ይቆሙላቸው ነበር። ደረቅ ሞስ ሲታይ የሞተ ነው፤ ተጨማዶ፣ ቡናማ ሆኖ። እሳቸው ከኮዳቸው ውኃ ጠብ ያደርጉበትና «ጠብቂ» ይሉኛል። ትንሽ ቆይቶ ቅጠሎቹ መዘርጋት ይጀምራሉ፤ አረንጓዴው ተመልሶ ይመጣል። ይህን በአጉሊ መነጽር መጀመሪያ ያየሁ ቀን «ኧረ በአላህ!» ብዬ ብድግ ስል ራሴን ከቅርንጫፍ ጋር አጋጨሁት። «ገና ምን አየሽና» ብለው ሳቁብኝ።

ሁለት ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። አንደኛው፣ ቦታው ከሞሱ ይቀድማል። ናሙናው ወረቀት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የየትኛው ሸለቆ፣ የምን ዛፍ፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ፣ በየት በኩል ፊቱን ያዞረ መሆኑ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ቦታው ያልተጻፈ ሞስ ምንም ቢያምር ለሥራችን ሣር ነው። ሌላው፣ ከክብሪት ቀፎ የሚበልጥ አይነሳም። እኔ ሰፋ አድርጌ ልቧጭር ስል እጄን ያዝ ያደርጉና «ቤቱን አታፍርሺበት፣ ልጄ» ይሉኛል። ፌስታልማ አይታሰብም፤ ሞስ ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ በማግሥቱ ይሻግታል። በወረቀት፣ በጥላ፣ በነፋስ፤ አለቀ።

እንዲህ እያልን ብዙ ደን አዳረስን። ከዚያ ያ ክረምት መጣ።

ከፋ በኩል ነበርን። ዝናቡ አላሠራ ብሎን፣ አልቅት እግራችንን እየበላን፣ ሸለቆ ለሸለቆ ከረምን። ልንመለስ ስንል ወንዝ ላይ ያዘነበለ አንድ ዛፍ አገኘን። ጋሽ ይርጋ ተንበርክከው በአጉሊ መነጽሩ አዩ። እንደገና አዩ። እኔ ቀና እስኪሉ ቆሜ ስጠብቅ «ሉባባ፣ ይኼን አላውቀውም» አሉኝ። እሳቸው! መጽሐፉን በቃላቸው የሚያውቁት ሰውዬ! ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር። ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን የዞሩ፣ ጫፋቸው ወርቅማ፣ በቀይ ቀጭን ዘንግ ላይ ዘሩን የሚይዝ ትንሽ ራስ ያለው ሞስ ነው። «ራሱን በደንብ አይተን ካልመረመርነው ስም አይወጣለትም» ብለው እንደ ልማዳቸው ትንሽ ብቻ፣ ራስ ካለው በኩል፣ አነሱ። በሌላው ዛፍ ላይ ፈለግን፤ የለም። ያቺው ብቻ ናት።

አዲስ አበባ ስንገባ ናሙናው ገና ርጥብ ነበር፣ የማከማቻችን ጣራ ደግሞ በዚያ ክረምት ያፈስ ነበር። ጋሽ ይርጋ ተጨነቁ። እናቴ ኮረሪማ የምታሰጣበት ቆጥ ስላለን «እኛ ቤት ይደር፣ እኛ ቤት አያፈስም» አልኳቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው፤ ከዚያ የተሻለ ደረቅ ቦታ አልነበረንም። የክረምቱን ሥራ በሙሉ ተሸክመን ቅመም ተራ አስገባነው። በማግሥቱ መደርደሪያ ልናመቻች ሁለታችንም ቢሮ ዋልን።

ማታ ስመለስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ፈገግታዋ ጆሮዋ ደርሷል።

«ነይ፣ ነይ እስቲ! አፈሩን ሁሉ ለይቼልሻለሁ። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ዕቃ ይዘሽ እንዴት ቢሮ ትገቢያለሽ? ይህችን እናት የላትም ወይ አይሉም?»

ወንፊቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰፌዱ ታጥቧል። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ጣሳ፣ እስከ አፉ ሞስ። እሽጉን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትታ፣ አራግፋ፣ ነፍታ፣ ግርዱን ጥላ፣ የከፋን ሸለቆ ሁሉ አንድ ላይ ደባልቃ ሞልታዋለች።

«ወረቀቶቹስ?» አልኩ።

«የትኞቹ? እነዚያ የተጻፈባቸው? ከሰል አያያዝኩባቸው።»

የቅመም ተራን ሰው የማያውቅ ይፈርድባት ይሆናል። እኔ አልፈረድኩባትም። እኛ ቤት ቅመም የሚጠቀለለው ተማሪ በጨረሰው ደብተር ነው፤ የተጻፈበት ወረቀት ማለት ያለቀለት ወረቀት ማለት ነው። የመጣን ዕቃ ከነአፈሩ ማሳደር ደግሞ ለለቃሚ ነውር ነው። እናቴ ለእኔ የሠራችው ለማንም ያልሠራችውን ጥሩ ሥራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ወገቧን አጉብጣ ስትለቅም ውላለች። ምን ልበላት? «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» ብዬ ጓሮ ሄድኩና አፌን በሻሼ አፍኜ አለቀስኩ።

ጠዋት ጋሽ ይርጋ መጡ። ገና በሩ ላይ ሳሉ ልነግራቸው አፌን ስከፍት እናቴ ጣሳውን ይዛ ቀደመችኝ።

«ይመልከቱልኝ እስቲ፣ ጋሽ ይርጋ። ደህና ነው?»

አዩት። እጃቸውን ጣሳው ውስጥ ከተው ጥቂት አወጡ፣ መዳፋቸው ላይ ዘረጉት።

«እትዬ ዘሃራ» አሉ፣ «እንዲህ ያለ ንጹሕ ሞስ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። አላህ ይስጥልኝ።»

ጣሳውን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። ጥግ ላይ ሲደርሱ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፣ ሸክም ይዘው የሚያልፉ ሰዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ይጮኹብናል። «እናትሽ እንዳትሰማ» አሉኝ። «እኔ መሞቴ ነው ጋሼ፣ ቢሮ ጥፋቱ የእሷ ነው ይበሉ» አልኳቸው። «ዝም በይ» አሉ። ጣሳውን እንዳቀፉ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጣሳውን ሳምንታት ጎረጎርነው። ያ ወርቅማ ጫፍ ያለው ሞስ ብጥስጣሹ ተገኘ። ምን ዋጋ አለው! ራሶቹ በወንፊቱ ተፈርፍረው ዱቄት ሆነዋል፣ ቦታው ደግሞ ከሰል ሆኗል። «እርስዎ የት እንደነበር ያውቁ የለም እንዴ?» ስላቸው «እኔ አስታውሳለሁ ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ነገ ሌላውም አስታውሳለሁ ይላል» አሉኝ። ለኃላፊው የክረምቱ ናሙና መጥፋቱን ሲናገሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «በማን እጅ?» «በእኔ እጅ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። ከዚያ በኋላ የመስክ ጉዞ ተከለከሉ። በዕረፍታቸው፣ በገዛ ኪሳቸው፣ ያቺን ዛፍ ብለው ሄዱ። ሸለቆው ተመንጥሮ በቆሎ ተዘርቶበት አገኙት። ተመልሰው መጥተው «የለችም» ብቻ አሉኝ፣ ባርኔጣቸውን ሰቅለው ሥራቸውን ጀመሩ። ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ።

ጋሽ ይርጋ ያችን ሞስ ፈለጉ እንጂ ሌላ ነገር ከዚህ ሥራ ፈልገው አያውቁም። ሹመት አልፈለጉም፣ ውጭ አገር አልተመኙም። አንዲት ለማንም ያልታወቀች ትንሽ ነገር አግኝቶ፣ ከነቦታዋ አስመዝግቦ ማለፍ ነበር ምኞታቸው። ይህን ከእጃቸው የወሰደው የእኛ ቤት ነው። መስክ በወጣሁ ቁጥር፣ ሌላ ሥራ ይዤም ቢሆን፣ ዓይኔ እሷን ይፈልግ ነበር። ባሌ ፈለግኩ፣ ኢሉባቦር ፈለግኩ። የወንዝ ዳር ዛፍ ሳይ ልቤ ይመታል፤ ከዚያ የታወቀ ሞስ ይሆናል።

ከጊዜ በኋላ እናቴ አንድ አመል አመጣች። ኮረሪማ ከምዕራብ ሲመጣ በገመድ ተሰክቶ፣ ከነጫካው ነው የሚመጣው፤ ቅርፊቱ ላይ ሞስ፣ ገመዱ ላይ ሞስ። እሷ ዕድሜዋን ያን እየለቀመች ስትጥል ነው የኖረች። አሁን መጣሉን ተወች። ንጹሕ ወረቀት ገዝታ ትጠቀልለውና ማታ «ነይ፣ ቆሻሻሽን አስቀምጬልሻለሁ» ትለኛለች። «ይኼ ከሐጂ ሰይድ ጆንያ ነው፤ ከቦንጋ ወዲህ ነው የመጣ። ይኼኛው ግን ከየት እንደሆነ ሾፌሩም አያውቅም፣ ይቅር።» ሐጂ ሰይድ የኮረሪማ ነጋዴ ናቸው፤ «ዘሃራ ዕቃውን ትታ የዕቃውን አገር ታጠናለች» እያሉ ያሾፉባት ነበር። እኔ የእናትነት ጨዋታ መሰለኝ። ደስ እንዲላት ሁሉንም አይላታለሁ፤ የተለመደው፣ አሁንም የተለመደው።

ጡረታዬ በተቃረበበት ክረምት አንዱን እሽግ ፈትቼ፣ እያዛጋሁ፣ ውኃ ጠብ አደረግኩበት። ቅጠሎቹ ተዘረጉ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዞሩ። ጫፋቸው ወርቅ ነው።

«እማ!» ብዬ ስጮኽ እናቴ ቤቱ የተቃጠለ መስሏት ባልዲ ይዛ መጣች።

በማግሥቱ ሐጂ ሰይድ ጋ ሄድኩ። እሳቸው ወደ ሾፌሩ ላኩኝ፣ ሾፌሩ እዚያ ዕቃውን ወደሚጭንለት ሰው፣ እሱም ኮረሪማውን ወደለቀመው ገበሬ። ገበሬው የሚለቅምበት ጫካ አልተነካም፤ ንብ ስለሚያረባበት ያንን ወገን ማንም እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ከወንዙ ዳር ሦስት ዛፍ ለብሶ አገኘሁት። ተንበረከክሁ። ቦታውን መጀመሪያ ጻፍኩ፤ አንዱ ቢጠፋ ብዬ ሁለት ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ትንሽ ብቻ፣ ራስ ካለው በኩል፣ አነሳሁ። አለቀስኩ ብል ገበሬው ይመሰክራል።

ጋሽ ይርጋ አሁን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጃቸው ቤት ነው ያሉት። ዓይናቸው ከድቷቸዋል፤ ብርሃንና ጥላ ነው የሚለዩት። እሳቸው ጋ ልሄድ ስነሳ እናቴ የዒድ ልብሷን ለብሳ ጠበቀችኝ። «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ጉልበቷ እንደማያደርሳት ብነግራትም አልሰማችም። መንገዱን ስንት ቦታ ዐርፈን ደረስን።

ነገርኳቸው። እሽጉን እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። አልፈቱትም፤ መዳፋቸው ላይ እንደያዙት እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። «ቦታውስ?» አሉ። አነበብኩላቸው። «የሰበሰበው ሰው ስም?» አሉ። «እሱን አልጻፍኩም ገና። የእርስዎን ነው የምጽፈው።»

«የኔን አይደለም» አሉ። «ያገኙት እትዬ ዘሃራ ናቸው፤ የእሳቸው ይጻፍ።»

«የለም» አለች እናቴ። ቆማ ነበር፤ ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም። «የኔ ስም እዚያ አይገባም። ያን ጊዜ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

እኔ ወደ ጋሽ ይርጋ አየሁ፤ እሳቸው ወደ ድምፁ ዞሩ።

«ማን ነገረዎ?»

«ማንም። ያን ዕለት ጣሳውን ይዘው ሲወጡ እጅዎ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ጥሩ ዕቃ የያዘ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም። ይህችን ብጠይቃት ትዋሸኛለች፣ ለኔ ብላ። እርስዎም ለኔ ብለው ዋሹኝ። እኔስ ምን አደርጋለሁ? የማውቀው መልቀም ነው፤ ለቀምኩ።» ከዚያ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። «አውፍ ይበሉኝ፣ ጋሽ ይርጋ።»

«እውነቱን ልንገርዎ?» አሉ። «ተናድጄብዎት ነበር። ዓመት ሙሉ በቅመም ተራ አላለፍኩም፤ የኮረሪማ ሽታ ሲመጣ መንገድ እቀይር ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «ሲያልፉ አላየሁዎትማ።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ እናቴ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች፣ እኔም የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ። ስትቀመጥ አጠገባቸው ተቀመጠች። እሽጉን ፈታሁ፣ አንዲቷን ቅንጣት ሳህን ላይ አድርጌ ውኃ ጠብ አደረግኩባት፣ አጉሊ መነጽሩንም አነሳሁ።

«አንቺ አይደለሽም» አሉ ጋሽ ይርጋ። «ለእሳቸው ስጫቸው። አይተውት አያውቁም።»

እውነት ነው። ያን ሁሉ ዘመን በጣቷ ለቀመችው እንጂ በመነጽር አንድም ቀን አላየችውም፤ እኔም ላሳያት ብዬ አላሰብኩም። ዓይኗን እንዴት እንደምታስጠጋ አሳየኋት። መጀመሪያ «ምንም የለም» አለች። ከዚያ ይበልጥ ጎንበስ አለች።

«ያ አላህ» አለች። «ይኼን ነው ስጥለው የኖርኩት?»

«ምን ይታይዎታል?» አሉ ጋሽ ይርጋ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኑረዋል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ይንቀሳቀሳል፤ ይኸው፣ እየተነሣ ነው። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዞረዋል፣ ልክ ለሰላት እንደተሰለፈ ሰው። ቀይ ዘንግ አለ። ዘንጉ ላይ… ቆይ፣ ቆይ፣ አንዱ ቆብ አድርጓል!»

«ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ እትዬ ዘሃራ» አሉ። «እኔ የትም አልሄድም።»